ተሳቢ ስለሚጎትት ፒክ አፕ አመራረጥ
በሐዋሳና በሲዳማ ደጋ ለሚሠሩ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የተሰጠ ትምህርት

በየዞኑና በየወረዳው የሕዝብን ሥራ እንድትመሩ የተሾማችሁ ክቡራን፥ እናንተም ሰፊ እርሻ ወይም የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላችሁ ባለ ሀብቶች ሆይ፤ በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፥ ሻኛውን ይዳስሳል፥ ሰኮናውን ያያል፥ ቢቻለውም ቀንበር ጭኖ አንድ ትልም ያስኬደዋል። ከዚያ በሬ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚወጣበትን፥ ፒክ አፕ የሚባለውን መኪና ግን ቀለሙን አይቶና ጎረቤቱ የያዘውን ስም ጠይቆ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። መኪናው ሰው ብቻ የሚያመላልስ ቢሆን ጉዳቱ ከገንዘብ አያልፍም ነበር። ከኋላው ተሳቢ አስሮ ውኃ፥ ማዳበሪያ፥ ከብት ወይም ሞተር የሚጎትት ሲሆን ግን መጠኑን አሳስቶ የገዛ ሰው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወትም ይከፍላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። ይኸውም የፒክ አፕ መጠን የሚመረጠው በሜዳ ላይ ሊጎትተው በሚችለው ክብደት ሳይሆን፥ ጭነቱን ሁሉ ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ አግዶ ሊያቆመው በሚችለው ክብደት መሆኑ ነው። ሞተር ደካማ ቢሆን መኪናው ዳገት ላይ ይቆማል፤ ነጂውም ወርዶ ያዝናል እንጂ አይሞትም። ፍሬኑና አካሉ ደካማ ቢሆን ግን የሚያዝነው ሌላ ሰው ነው።

ሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ የተቀመጠች፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። መንገዶቿ ሰፊና ደልዳላ ስለ ሆኑ፥ ከታቦር ተራራ በቀር ዳገት የሚባል ነገር በከተማው ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ከዚህም የተነሣ ከሻጭ ቤት የወጣ መኪና ሁሉ በሐዋሳ ጎዳና ሲሞከር ጎበዝ ይመስላል። ሥራው የሚጠብቀው ግን በዚያ ሜዳ ላይ አይደለም። በይርጋለም በኩል ወደ አለታ ወንዶ፥ ከዚያም ወደ ሁላ ወረዳ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው ሀገረ ሰላም ሲደርስ ከ2,700 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ከሐዋሳ ሲነጻጸርም አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሲወጣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይወጣል፤ ሲወርድ ገብስ፥ ጎመን፥ ቀርቀሃና ከብት ይወርዳል። እንግዲህ ለደጋው ወረዳ የሚገዛው መኪና የሚመዘነው በዚህ መውጫና መውረጃ ነው።

አስቀድሞ ሸክሙን መመዘን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መኪናውን ከገዛ በኋላ ጭነቱን ያስባል፤ ይህ ኮርቻ ሰፍቶ ፈረስ እንደ መፈለግ ያለ ነው። በወረዳ ሥራና በእርሻ ላይ ዘወትር የሚጎተተው ጭነት ጥቂት ዓይነት ስለ ሆነ ክብደቱን በወረቀት ላይ ማውጣት አያስቸግርም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ አሥር ኩንታል ነው። ተሳቢው ራሱ ባዶውን 350 ኪሎ ቢመዝን፥ ጠቅላላው 1,350 ኪሎ ይሆናል። የማዳበሪያ ጆንያ 50 ኪሎ ነውና አርባ ጆንያ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው፤ ይህን የሚችል ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ 600 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 2,600 ይደርሳል። ባለ 300 ኪሎ አራት በሬዎች 1,200 ኪሎ ናቸው፤ የከብት ተሳቢ አጥሩና ወለሉ ከባድ ስለ ሆነ 700 ኪሎ ብንጨምርለት 1,900 ይሆናል። አነስተኛ ትራክተር በተሳቢ ላይ አውጥቶ ለመውሰድ የሚያስብ ቢኖር፥ የትራክተሩን ክብደት ከመጽሐፉ አንብቦ፥ ማረሻውንና ተሳቢውን ደምሮ ሲያየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ በላይ ሆኖ ያገኘዋል።

በነዚህ ጭነቶች መካከል የጠባይ ልዩነት እንዳለም ልብ ማለት ይገባል። የማዳበሪያ ጆንያ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። በሬ ግን ቆሞ ስለሚሄድ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፤ በመታጠፊያም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይደገፋሉ። ከሁሉ የሚከፋው በግማሽ የተሞላ ሮቶ ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ውኃው ወደ ፊት ይገፋል፥ ሲለቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መኪናውም ሰካራም እንደ ተቀመጠበት በቅሎ ይወላገዳል። ስለዚህ ሮቶ ወይ ሞልቶ ወይ ባዶውን ይጎተታል፤ በግማሽ መሄድ የግድ ከሆነ ውስጡ መከፋፈያ ያለው በርሜል መሆን አለበት።

ሸክሙ ከታወቀ በኋላ የመኪናውን ወረቀት መመርመር ይከተላል። ሊብሬው ላይና በበሩ ጎን በተለጠፈው የፋብሪካ ምልክት ላይ የሚገኙት ቁጥሮች ብዙ ቢሆኑም ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፤ እነሱም የመኪናው ባዶ ክብደት፥ ጭኖ ሊደርስ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት፥ ሊጎትት የሚፈቀድለት ክብደት፥ በመጨረሻም መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ ሆነው ሊመዝኑ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ናቸው። ሻጭ የሚናገረው ሦስተኛውን ብቻ ነው። «ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይጎትታል» ይላል፤ ውሸትም አይናገርም። ነገር ግን አራተኛው ቁጥር ሦስተኛውን ይበላዋል። ጠቅላላው ክብደት 5,800 ኪሎ ነው እንበል። መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ 3,000 ኪሎ ከደረሰ ለተሳቢው የሚተርፈው 2,800 እንጂ 3,500 አይደለም። ሁለቱን ከፍተኛ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ መጠቀም አይቻልም፤ ይህንንም ሳያውቅ የገዛ ሰው ብዙ ነው።

በተለይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወደደው ደብል ጋቢና ለዚህ የተጋለጠ ነው። ጋቢናው በረዘመ መጠን የጭነቱ ሳጥን ያጥራል፥ የመኪናው ባዶ ክብደትም ይጨምራል። የመሸከም አቅሙ 900 ኪሎ የሆነ ደብል ጋቢና ቢኖረን፥ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ሆነው ሲቀመጡ 350 ኪሎ ይወስዳሉ። ተሳቢው በጋንቾው ላይ 200 ኪሎ ያሳርፋል። ትርፍ ጎማ፥ ክሪክ፥ መፍቻና ሰንሰለት፥ የሠራተኞቹም ጓዝ 100 ኪሎ ቢሆን፥ ከዘጠኝ መቶው የቀረው 250 ኪሎ ብቻ ነው። በኋላው ሳጥን ላይ አምስት ጆንያ ማዳበሪያ ሲወጣ አቅሙ አለቀ። ስለዚህ ሥራው መጎተት ከሆነ ባለ አንድ ጋቢናው ይመረጣል፤ ለሹሙ ክብር ሲባል የተገዛ ደብል ጋቢና ግን ለሹሙም ለማዳበሪያውም ሳይሆን ይቀራል። ይህን ስንል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ በአንድ መኪና ሁለት ሥራ ለመሥራት የሚታሰብበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ ነው።

ተሳቢው በጋንቾው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ከላይ ጠቅሰነዋልና ጥቂት እናብራራው። ተሳቢ ሲጫን ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ አሥር ያህሉ በአንገቱ በኩል በመኪናው ጋንቾ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ጭነቱ ወደ ኋላ ቢበዛ የተሳቢው አንገት ወደ ላይ ይነሣል፥ የመኪናውንም ጅራት ያቀለዋል፤ በዚያን ጊዜ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ውዝዋዜው አንዴ ከጀመረ በየጊዜው እየሰፋ ሄዶ መኪናውን ገልብጦ እስኪጥል ድረስ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን መሪ ማወናጨፍና ፍሬን በኃይል መርገጥ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያድንም፤ ነዳጁን ለቅቆ፥ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፥ ራሱ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ጭነቱ ወደ ፊት እጅግ ቢበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል፤ የፊት ጎማዎች መሬቱን በሚገባ ስለማይነክሱ መሪውም ፍሬኑም ይደክማል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ፥ ቀላሉ በዳርና በዳር ይሁን።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። በመቶ ሜትር ርዝመት አሥር ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ፥ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛው ወደ ኋላ ይጎትታል። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 5,500 ኪሎ ቢሆኑ ወደ ኋላ የሚስባቸው ጉልበት የ550 ኪሎ ያህል ነው። መንገዱ ጠጠር ወይም አፈር ከሆነ የጎማው መታሸት ሌላ 165 ኪሎ ያህል ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከሞተሩ ከ90 የፈረስ ጉልበት በላይ ይፈለጋል። ይህ ብዙ አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አሥር ያህል ስለሚያጣ፥ በሀገረ ሰላም ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። በአገራችን በጣም የታወቀው የላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ፥ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ያለው፥ በባሕር ዳርቻ አገር 130 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚያ ደጋ ላይ ግን ከመቶ በታች ይወርዳል። እንግዲህ ያን ጭነት ይዞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መውጣት አይሆንለትም ማለት ነው። ያ መኪና ጠንካራ ነው፥ ክፍሉም በየከተማው ይገኛል፥ መካኒኩም ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ስሙን ለማጉደፍ አይደለም። በዝግታ መውጣቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ይጠቀምበታል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ በደጋ ላይ የሚያጣው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው፤ ዛሬ የሚሠሩት መካከለኛ የናፍታ ፒክ አፖች ሞተራቸው ትንሽ ሆኖ ሳለ ዳገት ላይ የሚበረቱት ስለዚህ ነው።

በአውሮፓ ሕግ አንድ መኪና ሊጎትት የሚፈቀድለት ክብደት ከሚፈተንባቸው መንገዶች አንዱ፥ ከመቶ አሥራ ሁለት በሚወጣ ዳገት ላይ ተሳቢውን ይዞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ከቆመበት ለመነሣት መቻሉ ነው። ይህ መልካም ፈተና ነው፤ ነገር ግን የሚታሰበው ለዝቅተኛ አገር ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በመጽሐፋቸው ላይ፥ ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አሥር እንዲቀነስ ያዝዛሉ። መጽሐፉን ከመኪናው ኪስ አውጥቶ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እስቲ እናስላው። ጠቅላላው 5,800 ከሆነና ለሀገረ ሰላም ከመቶ ሃያ ብንቀንስ፥ የሚቀረው 4,640 ኪሎ ነው። መኪናው ነጂውንና ሁለት ሠራተኞችን፥ መሣሪያውንና የጋንቾውን ክብደት ይዞ 2,600 ቢመዝን፥ ለተሳቢው የተረፈው ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብሎ የጀመረው ነገር ሁለት ሺህ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ስለ መጠን ያለንን አሳብ በግልጽ እንናገር። የሚጎተተው ከነተሳቢው ከ750 ኪሎ የማይበልጥ ከሆነ፥ ለምሳሌ አነስተኛ የውኃ መሳቢያ ሞተር፥ ጀኔሬተር ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚወሰድ ትንሽ ጀልባ ቢሆን፥ ቀላሉ ባለ አንድ ጋቢና ፒክ አፕ ይበቃል። በብዙ አገር ሕግ ፍሬን የሌለው ተሳቢ የሚፈቀደውም እስከዚህ ክብደት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ እስከ ሁለት ሺህ ኪሎ ድረስ፥ ማለት ለውኃው ሮቶና ለአራቱ በሬዎች፥ መካከለኛው ክፍል ተገቢ ነው፤ ሂሉክስ፥ ዲ ማክስ፥ ኤል 200፥ ናቫራና ሬንጀር የሚባሉት በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የፋብሪካቸው ወሰን እንደ ሞተሩና እንደ ተሠሩበት ዓመት እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ይለያያል፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን የዚያኑ መኪና ወረቀት ማየት ነው። አንድ ስም ይዘው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሂሉክሶች አንዱ ከሌላው በብዙ መቶ ኪሎ ሊያንስ ይችላል።

ከሁለት ሺህ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ያለው ጭነት በቆላውና በወይና ደጋው መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፥ ለምሳሌ ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ይርጋለም፥ ከመካከለኛው ክፍል ብርቱው ወይም ላንድ ክሩዘሩ ይችለዋል። በደጋው ላይ ግን ይህን ያህል ዘወትር መጎተትን አንመክርም። አሜሪካኖች የሚሠሯቸው ግዙፎች ፒክ አፖች፥ ፎርድ ኤፍ 250ና መሰሎቹ፥ ከአምስት ሺህ ኪሎ በላይ የሚጎትቱ አሉባቸው። ነገር ግን ወርዳቸው ለወረዳ መንገድ አይመችም፥ መለዋወጫቸውም በቀላሉ አይገኝም፤ አንድ ክፍል ቢሰበር መኪናው ወራት ቆሞ ዶሮ ሊያድርበት ይችላል። እነሱ «ግማሽ ቶን»፥ «አንድ ቶን» እያሉ የሚጠሩት ስም በጥንት ጊዜ መኪናው በጀርባው የሚሸከመውን ያሳይ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙ ከክብደቱ ጋር ስለማይስማማ ማንም በእርሱ እንዳይታለል።

አርባ ጆንያ ማዳበሪያና ከዚያ በላይ የሚያመላልስ ሰው ግን ፒክ አፕ መፈለጉን ትቶ አይሱዙ ይያዝ። ከሠላሳ አምስት ኩንታል በላይ በጀርባው የሚሸከም አነስተኛ የጭነት መኪና ጭነቱን በራሱ አክስልና በራሱ ፍሬን ላይ ስለሚይዝ፥ ያንኑ ጭነት በተሳቢ ከሚጎትት ፒክ አፕ ይልቅ ቁልቁለት ላይ የታመነ ነው። ማዳበሪያ የሚመጣው በዓመት ውስጥ በታወቀ ወቅት ነው። ለዚያ ጥቂት ሳምንት ሲባል ወረዳው ትልቅ ፒክ አፕና ተሳቢ ገዝቶ የቀረውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ሲያመላልስበት ከሚኖር፥ በወቅቱ አይሱዙ ቢከራይ ያተርፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ ሁሉን በአንድ መኪና እፈጽማለሁ ማለት ሁለቱንም ያሳጣል።

ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ እንደሚያስፈራ ከመጀመሪያው ተናግረናል። አምስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚያወጣው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ይህ ሙቀት ከ160 ሊትር የማያንስ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ግማሹ እንኳ በሞተሩና በጎማው ቢወጣ፥ የቀረው በእጅ በሚታቀፉ ጥቂት የፍሬን ብረቶች ውስጥ ይገባል። ብረቱ ሲግል ሸራው መያዝ ይተዋል፥ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፥ ፔዳሉም እንደ ጭቃ ወደ ታች ይሰምጣል። በዚያን ጊዜ ነጂው ምንም ያህል ብልህ ቢሆን የሚያደርገው ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ቁልቁለት ሳይገቡ አፋፉ ላይ ቆሞ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በጥንቱ ምክር፥ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ማለት ነው። ማርሹን ከፍሪሲዮን ለቅቆ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በባዶ የሚወርድ ነጂ ቢገኝ፥ ያን ዕለቱን ከሥራው ማስነሣት ይገባል።

ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ያስፈልጋል። በየብየዳ ቤቱ ከሚሠሩት ተሳቢዎች መካከል ፍሬን የሌላቸው አሉ፤ ዋጋቸው ርካሽ ስለ ሆነም ገዢ አያጡም። መኪናው ሲዘገይ የተሳቢው ክብደት አንገቱን ወደ ፊት ሲገፋ በራሱ የሚይዝ የፍሬን ዓይነት አለ፤ ቀላልና ጥሩ ነው። ተሳቢ የሚያሠራ ሰው ይህን በውሉ ላይ ያስጽፍ። ብዙ ሰው ደግሞ መኪናው ሲጫን ከኋላው ሲሰምጥ አይቶ ባሌስትራ ያስጨምርበታል። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ቀጥ ያደርገዋል እንጂ አቅሙን አይጨምርም። አክስሉ፥ ፍሬኑ፥ ሻንሲውና ጎማው የዱሮዎቹ ናቸው፤ እንዲያውም ቀጥ ብሎ መታየቱ ነጂውን አሳስቶ ከልክ በላይ ያስጭነዋል።

በተሳቢና በጭነት ሳጥን ላይ ሰው ስለ መጫን ደግሞ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፥ ሰው ጭኖ ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ወድቆ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሠርገኞች ነበሩ። ያ መኪና ፒክ አፕ አልነበረም። ነገር ግን በገበያ ቀንና በሠርግ ቀን ባላገሩ ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ እንደሚሳፈር የታወቀ ነው፤ ተሳቢውም ባዶውን ሲመለስ ሰው ይሞላበታል። ሰው እንደ በሬ ቆሞ ይሄዳል፥ በመታጠፊያም ወደ አንድ ጎን ይደገፋል፤ በሬ ግን ቢያንስ አጥር ተሠርቶለታል። የመሥሪያ ቤት መኪና የምታዝዙ ሹማምንት በተሳቢ ላይ ሰው እንዳይወጣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብትሰጡ፥ ነጂውም ለሚለምኑት ዘመዶቹ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ያለ ወረቀት እንቢ ማለት ለነጂው ከባድ ነው።

ስለ ማያያዣው ጥቂት እንጨምር። ጋንቾው በሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰራል እንጂ በኋላ መከላከያው ብረት ላይ አይበየድም። የብረት ኳስ ያለው ጋንቾ ሲሆን የኳሱንና የተሳቢውን ጽዋ ልክ ማስተያየት ግዴታ ነው። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሜሪካኑ ሁለት ኢንች ሲሆን 50.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በዐይን አይታይም፤ የአሜሪካኑ ጽዋ በአውሮፓው ኳስ ላይ ሲገባ የተስማማ ይመስላል፥ በጎርባጣ መንገድ ላይ ግን ዘልሎ ሊወጣ ይችላል። ከኳሱ ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ኳሱ ቢለቅ አንገቱ በነሱ ላይ ያርፋልና መሬት አይወጋም። የኋላ መብራቱም ከመኪናው ጋር መያያዙን ዘወትር ጠዋት ማየት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኑ፥ የኤሌክትሪክ ፒክ አፕ ይጎትታል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይጎትታል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ደጋ ላይ ጉልበቱ አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ እያገደ ባትሪውን ይሞላል፥ ስለዚህ የፍሬኑ ብረት ይድናል። ጉድለቱ ርቀት ነው፤ ከባድ ተሳቢ ሲጎትት በአንድ ሙሊት የሚሄደው መንገድ ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ባትሪው ደጋ ላይ እስከ አፉ ተሞልቶ ቁልቁለት ከጀመረ፥ የሚወርደውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው ማገዱን ይተዋል። ስለዚህ ሀገረ ሰላም ላይ የሚያድር የኤሌክትሪክ መኪና ጠዋት ጭነት ይዞ የሚወርድ ከሆነ፥ ማታ ሙሉ በሙሉ አይሞላ።

በመጨረሻ ክፍያው ሳይፈጸም መኪናው ይፈተን። ተሳቢው በእውነተኛው ክብደት ይጫን፤ ቡናና እህል የሚረከቡ ትላልቅ መጋዘኖች የመኪና ሚዛን ስላላቸው፥ መጀመሪያ መኪናውን ብቻ፥ ቀጥሎም ከነተሳቢው አስመዝኖ መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በሐዋሳ ጎዳና ሳይሆን ከአለታ ወንዶ ወደ ሀገረ ሰላም በሚወጣው መንገድ ይሂድ። ሰፊና ዳር የሚይዝ ቦታ ተመርጦ ዳገቱ መካከል ይቁም፥ በእጅ ፍሬን ይያዝ፥ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ይነሣ። የሞተሩ ሙቀት መርፌ ይታይ። በመመለሻው በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ከታች ሲደርስ የፍሬን ሸራ ሽታ መኖሩን ማሽተት፥ ፔዳሉም እንደ ጠዋቱ ጠንካራ መሆኑን በእግር መርገጥ ነው። ሻጩ ይህን ፈተና እንቢ ያለ እንደ ሆነ መኪናውን ለእርሱ ትቶ ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ነው።